እስከ ታኅሣሥ አብረን ነን

የድሮዋ መኪናችን የሄደችው በመስቀል ማግስት ነው። ኪዳን አድርሼ ስመለስ በር ላይ የለችም። ጭና ያደረችውን ወንበር በዚያች ኋላዋ ላይ ባለች ማንሻ አንድ ባንድ አውርዳ ግንቡ ጥግ ደርድራዋለች። ድንኳኑንም ጭቃ እንዳይነካው ከወንበሩ በላይ አጣጥፋ አስቀምጣለች። ጎረቤታችን ሐጂ ኑረዲን ከመስጊድ ሲመለሱ አግኝተዋታል።

«መብራቷን አጥፍታ ቁልቁል ወረደች» አሉኝ። «ሰላምም አላለችኝ።»

«ድሮ ሰላም ትልዎት ነበር?»

«እንዴ! ጡሩንባ ሳትነካ አልፋኝ አታውቅም። ኪራይ ሲያልቅ ጉርብትናም ያልቃል ማለት ነው።»

ኪራዩ እንደሚያልቅ አውቀን ነበር። ግን ሰው የሚያውቀውንም ነገር ቢሆን ጠዋት በር ላይ ሲያጣው ይደነግጣል።

እኛ ደሴ፣ ሆጤ ሠፈር፣ ድንኳንና ወንበር እናከራያለን። ለሠርጉም ለለቅሶውም፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም። ሥራውን የጀመረው ባሌ ኖላዊ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። አሁን የምንሠራው እኔና ትንሹ ልጄ ይትባረክ ነን። ድንኳኑና ወንበሩ የራሳችን ነው። የራሴ የሚለው ዕቃ ያለው ቤት ዛሬ ብዙ የለም። ፍሪጁም፣ አልጋውም፣ ስልኩም፣ የበሩ ቁልፍ እንኳ የኪራይ ነው። ዕቃው ቤት ከመግባቱ በፊት እጅህን ታስነካዋለህ። ምን ያህል ጊዜ አብሮህ እንደሚቆይ ራሱ ይነግርሃል።

ለምን ያን ያህል እንዳለ ግን አይነግርህም። ካምፓኒዎቹም ሲጠየቁ «ሲስተሙ ያመቸውን ነው የሚሰጠው» ይላሉ። ሕዝቡ ነገሩ ቶሎ ገባው። ኖላዊ ቴሌቪዥን ሊከራይ ሄዶ እጁን ቢያስነካው «እስከ ሰኔ አብረን ነን» አለው። ደህና ሰው ነበር፤ ድንኳን ተሸክሞ የጦሳን ዳገት የሚወጣ ሰው። ሳቀ። «ከሰኔ በኋላ ሬዲዮ እሰማለሁ» አለ። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑ በራሱ ጠፋ። ኖላዊ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ነበር። ዕቃ ሰብሳቢው ከለቀስተኛው ቀድሞ ደረሰ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አለ፣ ቴሌቪዥኑን ታቅፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቼ በኔ ስም አንድ ዕቃ አስገብተው አያውቁም። እኔም እጄን አስነክቼ አላውቅም። ሁሉም ነገር በትልቋ ልጄ በጽዮን ስም ነበር። ጽዮን አግብታ ሀዋሳ ገባች፤ አንድ ሰው ለሁለት ቤት መከራየት አይፈቀድለትም። መኪናዋም በዚሁ ሄደች። አዲሱን የምንከራየው እኔና ይትባረክ ሆንን።

ሰው ለዚህ ነገር ሥርዓት አበጅቶለታል። ሱቅ ውስጥ አንዱ ዕቃ ሲያስነካ አጠገቡ ያለው ፊቱን ያዞራል፣ ወይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስላል፣ እንዳይሰማ። አጭር የተባለው ሰው ሲወጣ «ምን አለህ?» አይባልም። «ዕቃው ጥሩ አይደለም መሰል፣ ተወው» ነው የሚባለው። ሽማግሌ ሲላክ ግን ይጠየቃል። ለይትባረክ ዘነበችን ልንጠይቅ የሄድን ጊዜ ተጠይቀናል። ዘነበች የድሮ ስም ተመልሶ በመጣበት ዘመን የተወለደች የቦሩ ሜዳ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከበር ውጭ ይሰማል። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ልጁን ፍሪጅ ምን አለው?» አሉ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። «ቀን የሚቆጥር አምላክ አለን፤ እኛ ፍሪጅ አንጠይቅም» አልኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ተዉት። ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ።

ጥር ለእኛ እንደ ገበሬ አዝመራ ነው። ሰው ሁሉ ይጋባል፤ ድንኳኖቻችን ለጥር የተያዙት ገና በጳጉሜ ነው። መኪና ከሌለ ግን ማን ተሸክሞ ያደርሰዋል? ይትባረክ «እማ፣ አቅማችንን የሚመጥን አንድ እንፈልግ» አለኝና አውቶቡስ ይዘን ኮምቦልቻ ወረድን።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ወርዶ መንገዱ አይታይም ነበር። አውቶቡሱ ሹፌር የለውም። ፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ግን በየመጠምዘዣው «ቀስ! ቀስ በል እንጂ!» ይሉታል። እሱም «እሺ እናቴ» ይላቸዋል። ፍጥነቱን ግን አይቀንስም።

የመኪና ኪራዩ ግቢ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ነው። መኪኖቹ በረድፍ ቆመዋል። ሰው በበሩ ሲገባ ሁሉም አንዴ መብራታቸውን ያበሩና ያጠፋሉ።

«እያዩን ነው» አለ ይትባረክ።

«ጫማችንን አይተው ይበቃቸዋል» አልኩት።

ዙበይዳ የምትባል ቀጭን ልጅ መጥታ ተቀበለችን። ስሜን ጠየቀችኝ፣ ሄራን አልኳት።

«ውይ፣ ደስ የሚል የድሮ ሰው ስም! በጀታችሁስ እንዴት ነው?»

«ከእግዜር በታች ነው።»

«እንግዲያው ሦስት አሉኝ» ብላ ሳቀች።

መጀመሪያ ያሳየችን ባለ ሦስት እግሯን ነው። ቢጫ ናት፣ ርካሽ ናት፣ ንጹሕ ናት። ይትባረክ ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ሐረጎን ትወጣለች?»

«ባዶዋን ትወጣለች።»

«ባዶማ እኔም እወጣዋለሁ» አላት።

ሁለተኛው ግራጫ ነው። ሰፊ ነው፣ ጉልበትም አለው፣ ዋጋው ግን ከቢጫዋም ያነሰ ነበር። ሰው ርካሽ ነገር ሲያይ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፣ ቀጥሎ ይጠይቃል። ጠየቅኳት።

«ቀን ለናንተ ይሠራል» አለች ዙበይዳ። «ስትተኙ ለካምፓኒው ይሄዳል። ጠዋት ታጥቦ ይመለሳል።»

«የት ነው የሚሄደው?»

«እሱን እኛም አናውቅም።»

«ምን ነክቶት ነው የሚታጠበው?»

ግራጫው መብራቱን ቦግ አድርጎ አጠፋ። እኔ አማተብኩና ወደ ሦስተኛዋ አለፍን።

ሦስተኛዋ ነጭ ናት። ኋላዋ ረጅም ነው፤ የትልቁ ድንኳን ምሰሶ ሳይወጣ ይገባላታል። ይትባረክ በእጁ ለካና «ይቺ ናት» አለ። ዋጋዋ ከኛ በላይ ነበር።

«በጥምር ካደረጋችሁት ይወርድላችኋል» አለች ዙበይዳ። «ሁለት ሰው ባንድ ውል ሲገባ ማስያዣው በግማሽ ነው። እናትና ልጅ አይደላችሁ? ሁለታችሁም እጃችሁን በሩ ላይ አድርጉ።»

አጠገባችን አንድ ፍራሽ ነጋዴ የጭነት መኪና እያየ ነበር። እጃችንን ስናነሳ ሥርዓቱን ያውቃልና ጀርባውን ሰጠን። እኔ እጄን አስቀመጥኩ፣ ይትባረክ የሱን ከኔ አጠገብ አስቀመጠ። በሩ ሞቅ ያለ ነበር፣ የሰው ገላ ይመስላል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች መኪናዋ። ዜና አንባቢ የመሰለ የሚያምር የሴት ድምፅ ነው። «እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አብረን ነን።»

ፍራሽ ነጋዴው ሳለ፤ ሳሉ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። ዙበይዳ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

«ይቺ ሠርግ አትወድም መሰል» አለ ይትባረክ። ሳቀ። «ጥር ሳይገባ ጥላን ልትሄድ ነው? ግራጫውን እንሞክረው።»

ግራጫው ወፍራም የወንድ ድምፅ ነበረው። «እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አብረን ነን» አለ። ወደ ቢጫዋ ተመለስን። ቢጫዋ የምትናገረው በሕፃን ድምፅ ነው፤ ገዢ ደስ እንዲለው ይሆናል። እሷም እንደዚያው አለች፣ እየሳቀች።

ዙበይዳ ውኃ አመጣችልን። ቀስ ብላ «ጥምር ላይ ያነሰውን ነው የሚይዘው» አለች። «የማን እንደሆነ አይለይም። ለየብቻ መሞከር ግን...»

«አያስፈልግም» አልናት። እኔም እሱም እኩል ነው ያልነው።

በእኛ አገር መርዶ ለባለቤቱ በቆመበት በድንገት አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማልዶ ይመጣል፣ «ትንሽ አመም አድርጎት» ይባላል፣ ነገሩ እየተድበሰበሰ ነው ጆሮ የሚደርሰው። መኪና ይሄን ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ ስንመለስ እኔና ልጄ ስለ ድንኳን ገመድ አወራን። ስለ ዝናቡ አወራን። ሐረጎን ስንጨርስ የምናወራው አለቀ።

የማን እንደሆነ እኔ አልተጠራጠርኩም። ይትባረክ በግንቦት አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተክል ከምሰሶው ላይ ወድቆ ራሱን ተመቷል። ከዚያ ወዲህ «ራሴን» ይላል፤ ክኒን ውጦ ይሄዳል። እኔ ምን ሆኜ? የእናቴ እናት መቶ ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ነው ያረፈችው። እኔም ገና ወንበር ተሸክሜ ዳገት እወጣለሁ። በዚያ ላይ እናት እሳት ሲነሣ መጀመሪያ የምታየው የልጇን አልጋ ነው።

እንዳልሰማ ሰው ሆኜ መኖር ጀመርኩ። የሚወደውን እሠራለሁ፣ ሲበላ አየዋለሁ፣ ቀና ሲል ድስቱን አያለሁ። እሱም ተለወጠ። በፊት ማታ ከጓደኞቹ ጋር የሚያመሸው ልጅ በጊዜ ይገባል። ወንበር ሳነሣ ሮጦ ይቀበለኛል። በየነገሩ ይከራከረኝ የነበረው፣ አሁን የተናገርኩትን ሁሉ «እሺ እማ» ነው። እሑድ ቅዳሴ አብሮኝ መጣ፣ ያለጥሪ። ስልኩን ወደኔ አዙሮ «ያንን የአባቴን የገመድ ቋጠሮ ነገር ንገሪኝ እስቲ» ይለኛል፣ ሺህ ጊዜ የሰማውን። የሚሰናበት ሰው እንዲህ ያደርጋል እላለሁ በልቤ። ይሄ ልጅ አውቆታል፤ ያንን ቀን አብረን እኮ ነው የሰማነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እንዲህ አለኝ።

«እማ፣ ሠርጉን ወደ ጥቅምት ብናመጣውስ?»

«ጥቅምት? የትኛው ጥቅምት?»

«የዘንድሮው። ለጽጌው ማርያም ሳምንት። ዝናቡ ቆሟል፣ አበባውም አለ። የነቢያት ጾም ሳይገባ ይለቅ።»

«ዘነበችስ?»

«እሺ ብላለች። አባቷንም አናግሬያቸዋለሁ። እሺ ብለዋል።»

«ምን ብለህ?»

«ቸኩያለሁ ብዬ» አለና ሳቀ። «ወንድ ልጅ ቢቸኩል ይገርማል?»

እጄ ውስጥ የነበረው እንጀራ እዚያው ቀረ። ከታኅሣሥ በፊት ሊያገባ ነው። ልጅቷ ሙሽራ ሆና ገብታ ገናን በጥቁር ልብስ ልታከብር ነው። አባቷ በደንብ ጠይቀው ነበር፤ ፍሪጅ አንጠይቅም ብዬ አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ያኔ ስለማላውቅ እውነት ነበር። ዛሬ ዝም ብል ግን ያው ቃል ሐሰት ሆነ። ብናገርስ? ልጄን ከነሕይወቱ መቅበር ነው። ሙሽራዋ ቀርታ ሰላም የሚለው ሰው ያጣል። አጭር ከተባለ ሰው ጋር ማን ማኅበር ይጠጣል?

የነፍስ አባቴ አባ ዘሚካኤል ጋ ሄድኩ። መድኃኔዓለም ቅጥር ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ዕቃ ይዋሻል?»

«ምኑ ነው የተናገረሽ?»

«መኪና።»

«ነፍስ የሌለው አይዋሽም። እውነትም አይናገርም» አሉኝ። «ዘመናትንና ወራትን ታውቁ ዘንድ ለእናንተ አልተሰጠም ተብሏል።»

«እኔም ለዘነበች አባት እንዲያ ነው ያልኳቸው። አሁን ግን ሰማሁት፣ አባ። የሰማሁትን እንዴት አድርጌ አልሰማሁም ልበል?»

መቁጠሪያቸውን መቁጠር ጀመሩ። ነገሩን ከነሥሩ ነገርኳቸው፤ ጥምሩን፣ ሠርጉን፣ ሁሉንም።

«የልጁ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«ወድቆ አልነበር?»

«ጠየቅሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«አልጠየቅኩም።»

«እንግዲያው በልጅሽ ላይ የፈረድሽው አንቺ ነሽ፤ መኪናው አይደለም። ስሚኝ ሄራን። የሰው ልጅ አታለሽ አትዳሪ። ያላወቅሽውን ነገር ተሸክመሽም የሰው ቤት አትሂጂ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የቤተ ክርስቲያኑ ማይክራፎንም የኪራይ ነው። በማን ስም እንደገባ አልጠየቅኩም። ስይዘው ግን ዓይኔን እጨፍናለሁ። እኔም ሰው ነኝ።»

በማግስቱ ለይትባረክ ሳልነግር ብቻዬን ኮምቦልቻ ወረድኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ መኪኖቹ መብራታቸውን አበሩ፣ አጠፉ። ዙበይዳ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ብቻዎን ነው?»

«ብቻዬን።»

«ልብዎ ካልፈቀደ ይቅር። ሌላ ካምፓኒ ይሞክሩ።»

«ሌላው ሌላ ይላል?»

ወደ ጎን ሆና መንገድ ለቀቀችልኝ።

ነጯ ፊት ቆምኩ። የልጅነት ጸሎቴን ሁሉ አውቃለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን የመጣልኝ አንድ ብቻ ነው። «የኔ አድርገው» አልኩ። «ጌታዬ፣ የኔ አድርገው።» ዓይኔን አልጨፈንኩም። እጄን አስቀመጥኩ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ ሄራን» አለችኝ መኪናዋ። ስሜን የጠራችው በለሆሳስ ነው፣ እንደ ሐኪም። «እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አብረን ነን።»

በሩን ደገፍ አልኩ። ሞቃት ነበር። ደስ ሊለኝ ሲል ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ሁለታችንም ብንሆንስ? የኔ አጠረ ማለት የሱ ረዘመ ማለት አይደለም።

«ዙበይዳ፣ ልጄ እዚህ ተመልሶ መጥቷል?»

«የደንበኛ ነገር መናገር አይፈቀድልኝም፣ እትዬ።»

«እናት አለችሽ?»

«አለችኝ።»

ወደ መኪኖቹ ዞር ብላ አየች። ከዚያ እጄን ይዛ ከግቢው ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር አወጣችኝ። «ይሰማሉ» አለችኝ። የጭነት መኪና ሲያልፍ ጠብቃ ነው የተናገረችው።

«አብራችሁ በመጣችሁ በማግስቱ መጣ። ለብቻው አስነካ። ነጯ አሥር ዓመት አለችው። ከዚያ በላይ ውል የለንም፤ አሥር የተባለ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ ይጨፍራል፣ ለኔ እንኳ ጉርሻ ይሰጠኛል። እሱ ግን ግንባሩን መኪናዋ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ገርሞኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ።»

እኔም አሁን ነው የገባኝ። «እሺ እማ» የተባልኩት፣ ወንበሩን ከእጄ የሚቀማኝ፣ የገመዱን ወሬ በስልክ የሚቀዳው። ጥቅምትም። ዝናቡ ስላቆመ አይደለም፣ ስለ አበባውም አይደለም። ሠርጉን እኔ እንዳየው ነው። የዘነበች አባት እሺ ያሉትም እውነቱን ነግሯቸው ነው።

እልል አልኩ።

ለካ ድምፄ ገና አለ። ደጋግሜ እልል አልኩ፣ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው ተሰማ። መኪኖቹ ሁሉ ገበያተኛ የመጣ መስሏቸው ነው መሰል መብራታቸውን ባንዴ አበሩ። ግቢው ውስጥ ፊታቸውን አዙረው የቆሙት ሰዎች ሥርዓቱን ረስተው ወደኔ ዞሩ። አንዱ ለጓደኛው «ስንት ዓመት ተሰጥቷቸው ነው?» ሲለው ሰማሁ።

ዙበይዳ ክንዴን ይዛ ታለቅሳለች። «እትዬ፣ አጭሩ የርስዎ መሆኑን ሰምተዋል አይደል?»

«ሰማሁ እንጂ፣ ልጄ። እልል ያልኩት ለሱ አይደል እንዴ?»

እንባዋን ስትጠርግ «ነጯን ያዥልኝ» አልኳት። «በልጄ ስም፣ ለብቻው። አሥሩንም ዓመት።»

«ለብቻ ሲሆን ማስያዣው ይከብዳል እኮ።»

«ለተዝካሬ ያስቀመጥኩት አለ። ድንኳኑ የኛ፣ ወንበሩ የኛ፤ ምን ያስወጣቸዋል? ብቻ እዚህ መምጣቴን እንዳትነግሪው።»

«እሱም እንዳትነግሪያት ብሎኛል» አለችኝ።

የፈራሁት ስመለስ ነው። ሐረጎ ላይ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ሁለቱን እጆቼን ጭኔ መሃል ከተትኳቸው። አውቶቡሱ ውስጥ የነበርነው ጥቂት ሰዎች ነን።

«እናቴ፣ በረደዎት?» አለኝ አውቶቡሱ።

«አዎ» አልኩት።

ከእግሬ ሥር ሙቀት ለቀቀልኝ። አንድ ቦታ ላይ፣ መጠምዘዣው ጋ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ። ማንም ቀስ በል አላለውም ነበር።

ቤት ስደርስ ይትባረክ ግቢ ውስጥ ገመድ ይጠቀልላል።

«የት ነበርሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«እስካሁን?»

«ጸሎቱ ረዘመ።»

ነጠላዬን አውልቄ ራት ላሰናዳ ገባሁ። ተከትሎኝ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። ረጅም ነው፣ እንደ አባቱ መቃኑን ይነካል።

«እማ፣ ያ የጥቅምቱ ነገር ካላስደሰተሽ ይቅር። ጥር ይሁን። ለኔ ግድ የለኝም።»

ይሄን ሲል ዓይኔን ነው የሚያየው። እያሰበ ያለውን አወቅኩ። ጥር ይሁን ብል አልሰማሁም ማለት ነው። ጥቅምት ይሁን ብዬ ብቸኩል ደግሞ ሰምቻለሁ ማለት ነው። ልጄ መርዶዬን ለብቻው ተሸክሞ ስንት ቀን ከረመ፤ እኔ አሳርፈዋለሁ ብዬ ብናገር፣ የያዘልኝን ነገር ከእጁ ነጥቄ መሬት ላይ ማፍሰስ ነው።

«ጥር?» አልኩት። «ጥርማ ድንኳኑ በሙሉ ለሰው ተይዟል። የባለድንኳኑን ልጅ ሜዳ ላይ ልዳረው?»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ ከመስቀል ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም።

«ጥቅምት ደህና ነው» አልኩ ድስቱን እያማሰልኩ። «መኪናዋንም ነጯን ውሰድ፣ በስምህ ብቻ። እኔ በየመኪናው እጄን እያስነካሁ መዞር ሰልችቶኛል። ማስያዣውን እሰጥሃለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር፣ ግን ሲያየኝ ይሰማኛል። እንድዞር ጠበቀ። እኔ ጨው ቀመስኩ፣ ደህና ነበር፣ ግን ትንሽ ጨመርኩበት።

«እማ...»

«ራት ደርሷል። እጅህን ታጠብ።»

«መጣሁ» አለኝ። «ያንን ትልቁን ድንኳን ላራግፈው።»

ድንኳኑ ጠዋት ተራግፎ የታጠፈ ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ወጣ። ሸራው በኃይል ሲመታ ሰማሁት፣ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። ሐጂ ኑረዲን ከግንቡ ማዶ «ይትባረክ፣ በደህና ነው?» ሲሉት ሰማሁ። የመለሰላቸውን አልሰማሁም። ወጥቼ አላየሁትም። ወጡን አወጣሁና ሁለት ሰው እንደሚበላው አድርጌ ማዕዱን አቀረብኩ።

ሲገባ ዓይኑ ፍም መስሏል።

«አቧራው ነው» አለኝ።

«ድሮም ያ ድንኳን አቧራ ይወዳል» አልኩት። «ና፣ ተቀመጥ።»